ሽለላ በሳክስፎን፤ የጌታቸው መኩሪያ ሸክላና የሰሜን ሸዋ ድምፅ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቀና መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ አገሩ በሁለት ተከፍሎ ይታየዋል። በስተግራ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ ደጋ ይወጣና ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግሼ አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወንጪትና ጀማ በሸነሸኑት ሸለቆ ውስጥ መርሐቤቴ ይገኛል። ዋናው መንገድ ግን ኢጣልያኖች በቆፈሩት ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና ይፋትን ይይዛል። ደጋውና ቆላው በአየርም በአዝመራም የተለያዩ ቢሆኑም ከጥንት ጀምሮ በገበያ የተሳሰሩ ናቸው፤ የመንዝ ገብስና የሱፍ ባና ወደ ታች ይወርዳል፣ የይፋት ማሽላና ጥጥ ወደ ላይ ይወጣል። በዚሁ መንገድ፣ ከጭነቱ ጋር፣ ዜማውም ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከእነዚህ ዜማዎች አንዱ፣ ሽለላ፣ እንዴት ከገደል አፋፍ ተነሥቶ በአንድ የነሐስ መሣሪያ በኩል ወደ ሸክላ እንደገባ ማስታወስ ነው። ይህን ያደረገው የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሥራው ዛሬ በብዙ አገር «የኢትዮጵያ ጃዝ» በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም፣ ነገሩ ከየት እንደ ጀመረ ለማያውቅ ሰው የታሪኩን ራስና እግር ያገለባብጥበታል።

ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ብዙውን ጊዜ በአንድነት የሚጠሩ ቢሆኑም በአሠራራቸው አንድ አይደሉም። ፉከራ «ዘራፍ» ተብሎ የሚነሣ፣ በፍጥነት የሚደረደር፣ ከዜማ ይልቅ ለንግግር የቀረበ ነው። ሽለላና ቀረርቶ ግን ይዜማሉ። ሲዜሙም እንደ ዘፈን በጭብጨባና በከበሮ ምት አይታሰሩም። ባለ ሽለላው ቃላቱን በአንድ ትንፋሽ ያጭቅና በመጨረሻው አናባቢ ላይ ድምፁን አንጠልጥሎ፣ አርገብግቦ፣ እስኪበቃው ድረስ ያቆየዋል፤ የሐረጉን ርዝመት የሚወስነው ሳንባው እንጂ ሌላ መለኪያ አይደለም። በመካከሉ የሚተወው ዝምታም የዜማው ክፍል ነው። አድማጩ በዚያች ዝምታ ውስጥ ይቁነጠነጣል፤ ጎበዙ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይጨብጣል፤ ከዚያም ድምፁ እንደ ገና ይነሣል።

ሽለላ የሸዋ ብቻ ሀብት አይደለም፤ ጎጃሜውም ጎንደሬውም ወሎዬውም በየራሱ ያውቀዋል። ይሁንና በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለሽለላ የሚሆን ምክንያት አልጠፋም። የሸዋ መሳፍንት ሐረግ ራሱ የሚመዘዘው ከመንዙ ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። በቅርቡም ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ትግል፣ ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ መሪዎች ጠላትን የታገሉት በዚሁ ገደላ ገደል አገር ነው። ሽለላ በጦር ሜዳ ብቻም አይደለም የሚሰማው፤ በሠርግ ይሸለላል፣ በደቦ አጨዳ ይሸለላል፣ የጀግና ለቅሶም ያለ እርሱ አያምርም።

ጌታቸው መኩሪያ የተወለደው መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላው የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። እንግዲህ ነፍስ ሲያውቅ በዙሪያው የነበረው ሽለላ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ተረት ብቻ አልነበረም፤ የሚሸልሉት ሰዎች ያዩትንና የሠሩትን የሚናገሩበት ጊዜ ነበረ። በልጅነቱ በእጁ የገቡት መሣሪያዎች ክራርና መሲንቆ ናቸው። ይህ ነገር ኋላ የሚጠቅመን ስለሆነ አንባቢ ልብ ይለዋል።

እርሱ እነዚህን ሲማር፣ አዲስ አበባ ውስጥ የነሐስ መሣሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ነበረው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት በስጦታ የላኳቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት ተሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከነጻነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና የቴአትሩን ሙዚቀኞች በማሠልጠን ብዙ ደክሟል። የእነዚህ ባንዶች ትምህርት በኖታ የሚመራ፣ በምት የተለካ፣ ለሰልፍና ለክብር ዘበኛ አቀባበል የተዘጋጀ ነበር። ወጣቱ መለከቱን ይዞ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ከጓደኛው ጋር እኩል መጀመርንና እኩል መጨረስን ነው። ከሽለላ ጋር ሲነጻጸር ይህ ፍጹም ተቃራኒ ሥርዓት ነው።

ጌታቸው ወደዚህ ሥርዓት የገባው ገና በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜው ግድም፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ባልደረባ ሆኖ ክላሪኔትና ሳክስፎን ተማረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኅዳር 1948 ዓ.ም. ሲከፈት ወደዚያው ኦርኬስትራ ተዛወረ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላም የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል ሆነ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አንድ የትንፋሽ ተጫዋች የሚፈለግበት ሥራ ዘፋኙን ማጀብና በየመካከሉ አጫጭር ምላሽ መስጠት ነው። ጌታቸው ግን ገና በ1940ዎቹ ዓ.ም. ድምፃዊ በሌለበት መድረክ ላይ ቆሞ፣ በአፉ ሊሸልል የሚገባውን በሳክስፎኑ መሸለል ጀመረ። ኋላም በመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ለብሶ መታየት ልማዱ ሆነ። ይህን አለባበስ የውጭ አገር ተመልካች እንደ ቴአትር ጌጥ ሊያየው ይችላል። ሽለላን የሚያውቅ ሰው ግን ያለ ጎፈርና ያለ ለምድ የሚሸልለውን ጀግና ማሰብ ይከብደዋል፤ ልብሱ መሣሪያው አፍ መሆኑን ለተመልካች ማስታወቂያ ነበር።

መሣሪያው ራሱ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል፤ የነገሩ ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሳክስፎንን የፈጠረው የቤልጅክ ተወላጁ አዶልፍ ሳክስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በፓሪስ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ሲሆን፣ ሐሳቡም ለወታደር ባንድ የሚሆን፣ የነሐስ መሣሪያን ጉልበት ከእንጨት መሣሪያ ቅልጥፍና ጋር ያዋሐደ ዕቃ መሥራት ነበር። አካሉ ከአፉ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ የነሐስ ቱቦ ነው። ድምፁን የሚያስነሣው ግን ነሐሱ ሳይሆን በአፉ ላይ የሚታሰረው አንድ ቀጭን የሸምበቆ ምላስ ነው። ምላሱ በትንፋሽ ኃይል ሲርገበገብ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ቀዳዳዎቹ በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር የአየሩ ዓምድ ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ክላሪኔትም በአንድ የሸምበቆ ምላስ የሚሠራ ቢሆንም፣ ቱቦው ከሞላ ጎደል እኩል ስፋት ያለው በመሆኑ ተጫዋቹ ወደ ላይኛው ክፍል ሲሻገር ድምፁ ስምንተኛውን ዘሎ አሥራ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ሾጣጣው ሳክስፎን ግን በትክክል በስምንተኛው ላይ ያርፋል፤ ይህም ወንድና ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት ነው። በመሆኑም ሳክስፎን የሰውን ድምፅ ይመስላል የሚባለው እንዲሁ ለማሞገስ አይደለም። ጌታቸው ሁለቱንም መሣሪያዎች ቢጫወትም ለሽለላ የመረጠው ሳክስፎንን፣ ያውም ጎርናናውን ቴነር መሆኑ የሚያስገርም አይሆንም።

ችግሩ ግን ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ፋብሪካው የሚበሳቸው የአውሮፓን የሙዚቃ ሥርዓት ተከትሎ ነው፤ ስምንተኛው በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፈላል፣ በሁለት አጎራባች ደረጃዎች መካከል ያለው የንዝረት ጥምርታም ሁልጊዜ 1.0595 ያህል ነው። የኢትዮጵያ ቅኝቶች ግን በዚህ መለኪያ አልተሠሩም። ክራር መቺ አውታሮቹን የሚያጠብቀውና የሚያላላው በጆሮው እየዳኘ ነው። አንቺ ሆዬን በፒያኖ የሰማና በክራር የሰማ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ በፒያኖው ላይ አንዳንዱ ድምፅ ቦታውን የለቀቀ ይመስላል። መሲንቆ ደግሞ ከክራርም የበለጠ ነጻ ነው። ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስትሆን ጣት የሚያርፍበት ምንም የተከለለ ደረጃ ስለሌላት፣ አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲያልፍ በመካከል ያለውን ሁሉ እያንሸራተተ መሄድ ይችላል።

ጌታቸው በነሐሱ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ሳክስፎን ምንም እንኳ ቀዳዳው የተለካ ቢሆን፣ ተጫዋቹ ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት፣ ጉሮሮውን በማስፋትና በማጥበብ ድምፁን ከተለካለት ቦታ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስበው ይችላል። በባንድ ትምህርት ቤት ይህ መታረም ያለበት ጥፋት ነው፤ አሠልጣኙ ድምፅህ ወረደ፣ ድምፅህ ወጣ እያለ ይቆጣል። ከመሲንቆ ለመጣ ተማሪ ግን ድምፅን መሳብ የታወቀ ሥራ ነበር። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው ሰፊ ርግብግቢት፣ በረጅም ድምፅ መጨረሻ ላይ የሚመጣው መንሸራተት፣ ሸካራውና የተቆጣው አነሣስ ከባለ ሽለላ ጉሮሮና ከመሲንቆ ደጋን የተወሰዱ ናቸው። በሽለላ የሐረጉ ርዝመት በትንፋሽ ይወሰናል ብለናል። በትንፋሽ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ክራርና መሲንቆ ሊያደርጉት የማይችሉትን፣ ማለትም ሲደክም መስማትን፣ ሳክስፎኑ ጨመረለት።

ይህ ሥራ ተሰብስቦ በረጅም ሸክላ የወጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በፊሊፕስ ኩባንያ አማካይነት ሲሆን፣ አልበሙ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስም ተሰጠው። ያ ዘመን የሸክላ ገበያ የደራበት ነበር። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን አጥር ጥሶ የራሱን ሸክላ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ሌሎችም ተከተሉት። የገበያው ትኩረት በድምፃውያን ላይ ሳለ፣ አንድም ቃል የማይዘፈንበትን የአንድ ትንፋሽ ተጫዋች አልበም ማውጣት ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ከዚያ ዘመን ሥራዎቹ መካከል «ሽለላ»፣ «አምባሰል»፣ «አካሌ ውቤ» እና «አሃ ገዳዎ» ይገኛሉ። የፍቅር ዜማውና የጀግና ዜማው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጃቢዎቹ የዘመኑ የከተማ ባንድ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጥያቄ ይነሣል፤ ምት የሌለውን ሽለላ ምት ያለው ባንድ እንዴት ያጅበዋል? የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። ባንዱ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዝና ያለ መሰልቸት ይደጋግማታል፤ ሳክስፎኑ ደግሞ ከላይ ሆኖ፣ ምቱን እየሰማ ነገር ግን ሳይታሰርበት፣ ሲሻው ቀድሞ ሲሻው ዘግይቶ ይገባል። ከታች ያለው የከተማ ጭፈራ ነው፤ ከላይ ያለው የገደል አፋፍ ነው። ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይቀላቀሉም፤ ሲሰሙ የሚሰጡት ውጥረትም ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ ጃዙ የቱ ላይ ነው? በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ «ጃዝ» የሚለው ቃል ሳክስፎንና ከበሮ ላለው ዘመናዊ ኦርኬስትራ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር። በትምህርትና በዕቅድ የተሠራውን ውሕደት የምናገኘው በሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። እርሱ በእንግሊዝና በቦስተን ተምሮ፣ አምስቱን ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነት ጋር እንዴት እንደሚያስማማ አስቦ፣ ለውጤቱም «ኢትዮ ጃዝ» የሚል ስም አውጥቶ ነው የተነሣው። በሌላውም የአፍሪካ ክፍል ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ነበር፤ የካሜሩኑ ሳክስፎን ተጫዋች ማኑ ዲባንጎ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሶል ማኮሳ» በተባለው ሸክላው በዓለም ታወቀ፣ የደቡብ አፍሪካው መለከተኛ ሂዩ ማሴኬላ በ1973 ሌጎስ ላይ ከጋናው ሄድዞሌህ ሳውንድስ ባንድ ጋር አልበም ቀረጸ። እነዚህ ሁሉ ጃዝን በሚገባ ካወቁ በኋላ ወደ አፍሪካ ሕዝብ ዜማ የተመለሱ ናቸው። የጌታቸው ጉዞ ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። የጀመረው ከሕዝቡ ዜማ ነው፤ መሣሪያውን ወደ ዜማው አመጣው፤ ጃዝ የሚለው ስም ኋላ ደረሰበት።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የውጭ ሐያስያን እርሱን ከአሜሪካውያኑ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ማነጻጸራቸው ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ተመሳሳይነቱ በጆሮ ይሰማል፤ ከምት መላቀቁ፣ የድምፁ ሸካራነትና ጩኸቱ ይቀራረባሉ። ነገር ግን አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ያደረጉት ነባሩን የጃዝ ሕግ ማፍረስ ነበር። ጌታቸው ምንም ያፈረሰው ሕግ የለም። ከእነርሱ ቀድሞ መድረክ ላይ የሸለለው ሰው ነባሩን ሕግ፣ የሽለላን ሕግ፣ በጥንቃቄ እየጠበቀ ነበር። አንዱ በዓመፅ የደረሰበትን ሌላው በመታዘዝ ደርሶበታል። ይህን ሳይለዩ «የኢትዮጵያው እከሌ» ብሎ መሰየም ለተሰያሚው ክብር አይጨምርለትም፤ የይፋትንና የመንዝን ባለ ሽለላዎችም ከታሪኩ ያወጣቸዋል።

በሌላ በኩል፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣት ያስቀረው ነገር የለም ማለት አይቻልም። የሽለላ ግማሽ ኃይሉ በቃሉ ላይ ነው። ማን ማንን እንደ ገደለ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ወንዝ ላይ እንደ ዋለ ይነገርበታል። ሳክስፎን ስም አይጠራም። የሚሸልለው ለማን ነው፣ በማንስ ላይ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። በቃል ጥበብ የሚያምኑ አንድ አድማጭ ይህ ሽለላ ሳይሆን የሽለላ ጥላ ነው ቢሉ የሚያስወቅሳቸው አይሆንም። ይሁንና ቃሉ የቀረበት ነገር ጥቅምም አለው። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ በወረረች ጊዜ ለእናት አገር ጥሪ፣ ከዚያም በየጦር ግንባሩ ቀረርቶና ፉከራ በመንግሥት ትእዛዝ በራዲዮ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ቃላቸውም ከዘመኑ ፖለቲካ ጋር ተጣብቋል። ዛሬ ያን ቀረርቶ የሚሰማ ሰው ማን አዘዘው ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ቃል የሌለው የጌታቸው ሽለላ ግን ለየትኛውም ሠራዊት አልተሰለፈም፤ የቀረው ጀግናው ከመናገሩ በፊት ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ይህ ኪሣራ ነው ወይስ ትርፍ የሚለውን አድማጩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይፈርደውም።

ከአብዮቱ በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት የከተማው የሌሊት ሙዚቃ ተዳከመ፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ፤ የፊሊፕሱም አልበም ከጥቂት ሰብሳቢዎች ቤት በቀር የሚገኝ አልሆነም። እንደ ገና የተሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሕትመት ውስጥ 14ኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ነው። በዓመቱ የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ጌታቸው አብሮት በመድረክ ላይ ቆመ። በዚያው በ2004 የሆላንዱ «ዘ ኤክስ» የተባለው ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ድረስ ጠራው።

ዘ ኤክስ የጃዝ ባንድ አይደለም። በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና በከባድ ከበሮ የታወቀ የፓንክ ባንድ ነው። የሰባ ዓመቱ አዛውንት ግን ሲሰሟቸው ደስ አላቸውና አጃቢዎቼ ሁኑ ብለው የጠየቁት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ፤ በውስጡም «ቼ በለው ሽለላ» የሚል አለበት። ሽለላ ቀድሞም ጩኸት አይፈራምና ውሳኔያቸው የሚገርም አልነበረም። አሠራሩ ያው የ1960ዎቹ አሠራር ነው፤ ከታች ያለ ዕረፍት የሚደጋገም ሐረግ፣ ከላይ በራሱ ትንፋሽ የሚሄድ ሳክስፎን። የተለወጠው አጃቢው ብቻ ነው። በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን ከዚያው ባንድ ጋር ቀረጹ።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዜማዎቻቸው አንዱን ስሙ ያደረገ «አካሌ ውቤ» የተባለ ባንድ በፓሪስ ተቋቁሟል፤ ዜማዎቹንም በኖታ ጽፎ መጫወት የሚችል የትንፋሽ ተጫዋች ዛሬ በአዲስ አበባም በውጭም አይጠፋም። ኖታው የሚይዘው ግን የተለኩትን ቀዳዳዎች ድምፅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንሸራተትና በዝምታው ውስጥ የሚቆየውን ጊዜ መማር የሚፈልግ ወጣት፣ ሸክላውን ደጋግሞ ከመስማት በቀር ሌላ መምህር አያገኝም፤ ልክ በይፋት ልጅ የነበረው ጌታቸው ባለ ሽለላዎቹን በጆሮው ብቻ እንደ ተማረው።